የወረዳው መሬት ወፍጮ ቤት የገባ ዕለት

የወፍጮ ድምፅ ስሰማ እስከ ዛሬ ልቤ ድው ይላል... ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በኢህአዴግ ጊዜ ነው። መካነ ሰላም፣ የመሬት ቢሮ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ረፋድ ከደሴ ገምጋሚ መጣና «የቢሮአችሁ የመረጃ ቴክኖሎጂ አደረጃጀት ምን ያህል እንደበሰለ ልመዝን ነው» አለን። ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ አለው አሉ።

«የኛ እንኳ ገና ውሃው አልፈላም፣ ልጄ» አልኩት። አልሳቀም።

ኮምፒውተሮቹን የምትይዘው ዘይነባ ግን ላብ በላብ ሆናለች። ቅጥሯ ጊዜያዊ ነው፤ ውጤቱ ከከፋ የምትሰናበተው እሷ ናት።

ሰውየው ገመዱን ሁሉ በዓይኑ ተከትሎ ዋናው ማሽን ጋ ቆመ። «አጥፊውና መልሰሽ አስነሺው» አላት።

አጠፋችው። ልታስነሳው ቁልፉን ተጫነች... ዝም። ደግማ ተጫነች... ዝም! የገበሬው ሁሉ ይዞታ፣ የማን ድንበር የት እንደሚያልቅ፣ እሱ ውስጥ ነው። ጠፋ ማለት ወንድም ከወንድሙ ዱላ ይማዘዛል ማለት ነው።

«መጠባበቂያ ቅጂ የላችሁም?»

«አለን!» አለች ዘይነባ፣ ፊቷ በርቶ። «ከቢሮ ውጭ፣ ደረቅ ቦታ እንዲያስቀምጡልኝ ለጋሽ ይመር ሰጥቻቸዋለሁ።»

ጋሽ ይመር እኔ ነኝ። ሃርድ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልዬ ቤቴ ጎታ ውስጥ፣ ጤፉ መሃል ቀብሬዋለሁ። ከጤፍ የደረቀ ምን አለ?

ላመጣው ስነሳ ትዝ አለኝ... ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ ፋጡማ በዚያ ጨለማ ጓዳ ጤፉን ወደ ጆንያ እየገለበጠች ነበር። ለወፍጮ!

ያ ረቢ! «አብሽሪ፣ አሁን መጣሁ» አልኳት ዘይነባን። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጥኩ። ሞተሩ ከሩቅ ይጮኻል... በጮኸ ቁጥር ዘይነባ ስታለቅስ ይታየኛል።

ስደርስ ፋጡማ በር ላይ ወሬ ይዛለች። ባለወፍጮው ጆንያችንን ወፍጮው አፍ ላይ ዘንበል አድርጎታል። ጮህኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ጥቁሯ ፌስታል ከጤፉ ጋር ተንሸራታ ስትወርድ አየኋት... ዘልዬ ሁለት እጄን ከተትኩ።

«አባት! እጅዎን ሊያስበሉ ነው?»

«የወረዳው መሬት በሙሉ እዚህ ጤፍ ውስጥ ነው!» አልኩት እያለከለክሁ።

ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋ። ለፋጡማ ጎንበስ ብሎ «መቼ ነው የጀመራቸው?» አላት።

መልሱን አልሰማሁም፤ የወፍጮ ዱቄት የለበሰችውን ፌስታል እቅፌ ውስጥ ሸጉጬ ቢሮ ተመለስኩ። ዘይነባ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። የኮምፒውተሩ መስኮት ነጭ ሆነ... ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ የገበሬዎቹ ስም ተራ በተራ ወረደ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

ገምጋሚው ፌስታሏን በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን አየ። «ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«እርጥበት መከላከያ ነው ልጄ።»

ጻፈው!

ቢሮአችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ አለ፣ ዘይነባም በሥራዋ ቀጠለች... እኔ ግን እስከ ዛሬ ፋጡማ ሳትፈትሸኝ ጎታው አጠገብ አልደርስም።