የሳነቴው ፈረሰኛ ሚስት

“ያ ረቢ! አውርደው!” አለች እናቴ፣ ዛሬ የሣልኩትን ሥዕል ሳሎን ሰቅዬ ገና እጄን ሳላወርድ።

ሥዕሉ የባሌው የሳነቴ ሜዳ ነው፤ ጉም አለ፣ በጉሙ መሃል አንድ ፈረሰኛ። እኔ ብቸኝነትን ነበር የሣልኩት። በእሷ ልጅነት ግን ብቻውን የሚመጣ ፈረሰኛ መርዶ ይዞ ነበር የሚመጣው።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። “ልጓሙን አላልቶታል እኮ! መርዶ የያዘ ሰው ይጋልባል። ይሄ ጎባ ሠርግ በልቶ የሚመለስ ነው።”

(ልጓሙ የላላው ወጥሬ መሣል ስላቃተኝ ነው።)

እናቴ ትንሽ አሰበችና፣ “ታዲያ ሚስቱን የት ጥሏት ነው?” አለች።

ይኸው ብሩሼን ይዤ ከኋላው ሁለተኛ ፈረስ እየጨመርኩ ነው። ብቸኝነቴ ባለትዳር ሆነ።

እናንተስ፣ ጀምራችሁት ቤተሰብ የጨረሰላችሁ ነገር አለ?