በመዶሻ ድምፅ መካከል የወረደው የደም ግፊቴ

«ጋሼ፣ ይህ የምሰማው ምንድን ነው? ጸጥ ያለ ቦታ ይረፉ አላልኩዎትም?» ብሎ ሐኪሜ ዛሬ ረፋድ ላይ በስልክ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ምን አለሽ ተራ፣ ከቆርቆሮ ምድጃ በሚሠሩ ሰዎች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ክብደቴን ለመቀነስ ሐሙስ ሊደረግልኝ የተቀጠረውን የሆድ ቀዶ ጥገና፣ የደም ግፊቴ አልወርድ በማለቱ፣ «ዛሬም እንዲህ ከሆነ እናራዝመዋለን» ተብዬ ነበር።

ልጆቼ በሹክሹክታ የሚነጋገሩበት የቤቴ ጸጥታም፣ ዕረፍት ሊሆነኝ ቀርቶ፣ የልቤን ምት እያዳመጥኩ «ቢራዘምስ? ባልነቃስ?» እያልኩ እንድብሰለሰል አደረገኝ።

ስለዚህ የደም ግፊት መለኪያ የያዘችውን ነርሷን ልጄን አስከትዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆርቆሮ ወደ ሸጥኩበት ሠፈር፣ ወደ አብሮ አደጌ ወደ ሽኩር ምድጃ መሥሪያ ሄድኩ።

«ቀስ ብለህ ተቀመጥ!» አለኝ ሽኩር፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ። «በርጩማዬን ከሰበርካት አንተኑ ቀጥቅጬ ምድጃ ነው የማደርግህ!»

ሳቄ በረድ ካለና የመዶሻው ድምፅ ጆሮዬን ሞልቶ ሐሳቤን ካባረረልኝ በኋላ፣ ልጄ ለካችኝ፤ ደግማ ለካችኝ። «አባዬ፣ ወርዷል!»

ደውለን ቁጥሩን ስንነግረው ነው እንግዲህ ሐኪሙ ስለ ድምፁ የጠየቀኝ፤ የት እንዳለሁ ሲሰማ ግን ሳቀና፣ «እንግዲያው ከዚያ እንዳይነሱ፤ ሐሙስን አንነካትም» አለኝ።

እናንተስ፣ ጸጥታ ያስጨነቃችሁ፣ ጫጫታ ያሳረፋችሁ ቀን አለ ወይ? እስከ ሐሙስ ከሾርባ በቀር ስላልተፈቀደልኝ፣ የእናንተን ጨዋታ እያጣጣምኩ ልሰንብት።