የኔታ የረገጡት ወለል

ዳኛቸው ከጋይንት ቤተ ልሔም ወጥቶ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ለአገሩ ሰው ያላወራው ነገር አልነበረም። ሌላው ልጅ ለእናቱ ነጠላ ይልካል፤ እሱ ወሬ ይልካል። ወደ ንፋስ መውጫ የሚመለስ ባለጉዳይ ወይም ነጋዴ ባገኘ ቁጥር አደራ ይላል። "ቤተ መንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል በልልኝ። ቴአትር ቤት የሚባል አለ፤ አንዱ ቆሞ ሲያለቅስ አገር ምድሩ ቁጭ ብሎ ያየዋል በልልኝ። የፓርላማው ሰዓት ከግንብ ላይ ሆኖ ጠዋትና ማታውን ለከተማው ሁሉ ይናገራል በልልኝ።" በመጨረሻም ጉሮሮውን ጠራርጎ የሚጨምራት ነበረች። "እኔም ከመጻሕፍቱ ቤት ሹም ሆኛለሁ። የኔታ አንድ ቀን ብቅ ቢሉ እጃቸውን ይዤ ሁሉንም አሳያቸዋለሁ።"

ሹም አልነበረም። የጥንት ብራናና መስቀል ለሕዝብ በሚታይበት፣ እሱ የመጻሕፍት ቤት በሚለው አንድ ቤተ መዘክር ውስጥ ወለል ወልዋይ ነበር። ጧት ጣውላውን ሰም ይቀባል፤ ከዚያ ጨርቅ ረግጦ ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተተ ፊት እስኪያሳይ ያበራዋል። ሥራው ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ዳኛቸው ግን አፈረበት። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁን ከመጋረጃው ኋላ ወርውሮ ከረባቱን ያስተካክላል። በገባ ሰሞን አንዱ ባልደረባው "ይኸ የቆሎ ተማሪ" ብሎ ስለሳቀበት፣ በማግስቱ "እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ፊታውራሪ ናቸው" አለና አረፈው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቱ ገብስ ሲያጭዱ ታመው የሞቱ ገበሬ መሆናቸውን ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለም።

የኔታ ተክለሃይማኖት የድጓ መምህሩ ነበሩ። የዓመቱ ዜማ ሁሉ የተጻፈበትን ያን ትልቅ መጽሐፍ ከቃላቸው ያውቁታል፤ ከሸዋም ከትግሬም ተማሪ ደጃቸው ይመጣል። ዳኛቸው አባቱ ሲሞቱበት እሳቸው ዘንድ ገባ። በሐምሌ፣ ተማሪ ለምኖ በማያገኝበት ወር፣ ከራሳቸው ድርጎ ቆርሰው ያጎረሱት እሳቸው ናቸው። ንዳድ ሲይዘው አዝለው ጠበል ያወረዱትም እሳቸው። እሱ ደግሞ በተማሪ ወግ ማታ ማታ እግራቸውን ያጥብ ነበር። የቀኝ ተረከዛቸው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ አፈር እንዳይቀር በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ይጠርገዋል። ያን ተረከዝ ከገዛ እጁ እኩል ያውቀው ነበር። ድጓውን ግን ሳያስመሰክር፣ ማለትም ሊቃውንቱ ፊት ሳይፈተን፣ ከተማ አማረውና ሄደ። የኔታ አልተቆጡም፤ መርቀው ሸኙት።

እንግዲህ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ጠብ አስነሣና ካህናቱ የኔታን ለአቤቱታ ወደ ቤተ ክህነት ላኳቸው። በእግራቸው እስከ ወልድያ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ተጓዙ። ጉዳያቸውን ሲጨርሱ ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፤ "ልጄ አሳይዎታለሁ ብሎኛል" እያሉ መንገደኛውን ሁሉ የመጻሕፍቱን ቤት ጠየቁ።

የደረሱበት ቀን ለዳኛቸው የተለየ ቀን ነበር። የክፍሉ ሹም ጧት ጠርቶ "ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ከኔ ጋር ትቀበላለህ፤ የጨዋ ልጅ ስለሆንህ ወጉን ታውቃለህ" ብሎታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ ሁለት ፈረንጆች ገብተው ብራናው ያለበትን የመስተዋት ሣጥን እየዞሩ ያያሉ። ወለሉ እንዲህ አብርቶ አያውቅም።

በሩ ላይ ድንገት ሰው ቆመ። አንድ ባለ ጋቢ ሽማግሌ በረባሷቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ይዘዋል፤ መቃኑን ተሳለሙ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ። መስቀልና ቅዱስ መጽሐፍ ያለበት ቤት በጫማ አይገባም፤ ይህን ለሳቸው ማንም መንገር አያስፈልገውም። በባዶ እግራቸው ገቡ። የጉዞው አቧራ በሰሙ ላይ ደህና አድርጎ ታተመ፤ አምስቱም ጣት፣ ስንጥቁ ተረከዝም ሳይቀር። ከአንዱ መስተዋት ሥር የተገለጠ ድጓ አዩና ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው መስተዋቱን ተሳለሙ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የተገለጠውን ገጽ ከፍ ባለ ድምፅ ያዜሙት ጀመር። ተማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ ፈረንጅ ፎቶ አነሳ።

ዳኛቸው ከግድግዳው ጋር ቢጣበቅ በወደደ። ዜማው ሲያልቅ የኔታ ቀና አሉና አዩት።

"ዳኛቸው! ልጄ! አገኘሁህ!"

ሹሙ ወደ ዳኛቸው ዞረ። "ታውቃቸዋለህ?"

እዚህ ላይ ሰው ብዙ መልስ ይኖረዋል። መምህሬ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የአገሬ ሰው ናቸው ማለትም ይቻላል። ዳኛቸው የተማሪዎቹን ሳቅ ሰማ፤ ፊታውራሪ አባቱን አሰበ፤ ካፈርሁ አይመልሰኝ አለ።

"አላውቃቸውም። የቤተ ክርስቲያን ለማኝ ይመስሉኛል።"

የኔታ ወደሱ የዘረጉትን እጅ ቀስ አድርገው መለሱ። ሹሙን አዩ፤ ከረባቱን አዩ፤ ወለሉን አዩ። ነገሩ ገባቸው።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታዬ" አሉት፣ ያዘሉትን ልጅ አንቱ ብለው። "ዓይኔ ደክሟል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ እሱን መስለውኝ ነው።"

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በትሕትና እስከ በሩ ሸኛቸው። በረባሷቸውን እደጁ ሄደው አጠለቁ። ሹሙ ተመልሶ ወለሉን በአገጩ አመለከተ፤ ዳኛቸውም ጨርቁን ከመጋረጃው ኋላ አውጥቶ ተንበረከከ። የአምስቱን ጣት አሻራ ወለወለ። ተረከዙ ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አሳረፈ፤ ቢሆንም ወለወለው። ወለሉ እንደ ቀድሞው ፊት አሳየ፤ ያሳየውም የራሱን ፊት ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ ተቀባይ ሆነ። ሹመቱ አልጣመውም። ሰው በሩ ላይ በቆመ ቁጥር እግሩን ያያል። ለአገሩ ወሬ መላክ ተወ፤ የጋይንት ሰው መርካቶ ላይ ሲያይ መንገድ ያቋርጣል፤ ያሳፈረው ሰው ሳይሆን የገዛ ሥራው መሆኑን እያወቀ።  በመጨረሻ "ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ የመጣው ይምጣ" ብሎ ፈቃድ ጠየቀና ተነሣ።

መንገዱን ሁሉ የሚጠብቀውን ውርደት ሲያሰላስል ሄደ። መምህሩን የካደ ተብሎ ውሻ ሲያባርረው፣ እናቱ ታንጉት ፊቷን ስታዞርበት ይታየዋል። ቤተ ልሔም ሲደርስ ግን እልልታ ተቀበለው። ጎረቤቱ ወጣ፤ ካህናቱ ሳይቀሩ አቀፉት። እናቱ መምጣቱን አንድ ነጋዴ ቀድሞ ነግሯት ጠላ ጠምቃ፣ በግ አሳርዳ ሰው ጠርታለች።

"ምነው እማዬ፣ ይኸ ሁሉ ለምንድን ነው?"

"ለምን ትለኛለህ? የኔታን እንዲያ አክብረህ ላስተናገድህልኝ ነዋ! እግራቸውን አጥበህ፣ ዩኒቨርሲቲውን አዙረህ፣ ከቴአትር ቤቱ ፊተኛ ወንበር አስቀምጠህ። አገር ሁሉ ያወራው የለም?"

"ማን ነው ያለው? እሳቸው ናቸው?"

"እሳቸውማ መቼ ብዙ ይናገራሉ። 'አገኘሁት፤ ደህና ነው፤ ቤቱ ሰፊ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ ነው' አሉና ዝም። የቀረውን ሰው አንተ ከምትልከው ወሬ ሞላው።"

ወሬውን የዘራው እሱ ራሱ ነበር። 

ማታ የኔታ መጡ። ቤቱ ሰው ጢም ብሎ ነበር። ከመደቡ ላይ አስቀመጧቸው፤ ታንጉትም የሞቀ ውሃና የእግር ማጠቢያ ገበታ አምጥታ ልጇ ፊት አኖረች።

"በል እንግዲህ፣ እዚያ እንዳጠብሃቸው እጠባቸው። እኛም እንይ።"

ዳኛቸው ተንበረከከ። እጁ ገና ውሃው ውስጥ ሳይገባ ድምፁን አወጣ። "እኔ አላጠብኋቸውም። ምንም አላሳየኋቸውም። አላስተናገድኋቸውም!"

 ካህናቱ በአንድነት ሳቁ።

"አቤት ትሕትና!" አሉ አንዱ ቄስ። "ይኸን ነው የኔታ ያስተማሩት!"

"እውነቴን ነው፣ አባቴ። ስሙኝ..."

"ተው ልጄ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል" አለች ታንጉት በኩራት።

የቀኝ እግራቸውን ገበታው ውስጥ አኖረ። ስንጥቁ እዚያው ነበር። አውራ ጣቱ መንገዱን ራሱ አገኘው። የኔታ ጎንበስ አሉና ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁት።

"ያን ለት ወለላችሁን አቆሸሽሁባችሁ። ከበሩ ሆኜ ዞር ስል ተንበርክከህ ስትወለውል አየሁህ። በኔ ምክንያት ተቆጡህ ወይ፣ ልጄ? ከእንጀራው አውጥቼው ይሆን እያልሁ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።"

ዳኛቸው ተረከዛቸውን በሁለት እጁ ይዞ አቀርቅሮ ቀረ።

"እዩልኝ!" አለች ታንጉት ለጎረቤቶቿ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "አዲስ አበባ ያላበላሸውን ልጅ እዩልኝ!"

ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እሱ ግን እጥበቱን አልጨረሰም፤ ከጨረሰ ቀና ማለት ነበረበት።