ከአናጢው በኋላ

ሰመመን ሰጪዋ አውራ ጣቷን መቆጣጠሪያው ላይ አድርጋ ወደ ታች ገፋችው። ከተሰቀለው ጉሉኮስ ይንዠቀዠቅ የነበረው ፈሳሽ ወደ ጠብታ ተቀየረ።

«ውሃ ቆጣሪ፣ ዛሬም ውሃው በፈረቃ ነው?» አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ ቀና ሳይል።

ነርሷ በጭንብሏ ውስጥ ሳቀች። ሰመመን ሰጪዋ አልሳቀችም።

ጠረጴዛው ላይ የተኛው ግንበኛ ነው። አንጀቱ ተጠማዞበት ሲያስመልሰው ከርሞ እህቱ ደግፋ አመጣችው። ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ኩላሊቱ ውሃ አጥሮታል። አይታዋለች።

ፈሳሽ እንዳትለቅ እጇን የያዛት ግን ሌላ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አንድ አናጢ ነበር። የደም ግፊቱ በወረደ ቁጥር ፈሳሽ ለቀቀችለት፤ የተማረችው እንደዚያ ነው። በማግስቱ ፊቱ ከማበጡ የተነሳ ዓይኑ አይታይም ነበር። ሚስቱ አልጋው አጠገብ ቆማ አየችውና «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብላ ባሏን ፍለጋ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። ያበጠው አንጀት ስፌቱን ለቀቀው። አናጢው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰመመን ሰጪዋ በየቀዶ ጥገናው መሀል የታካሚውን የዓይን ቆብ በጣቷ ትጫናለች። ቤት ስትገባ ደግሞ የተኙ ልጆቿን።

ማሽኑ ጮኸ። ግፊቱ ወርዷል።

«ልቀቂለት እንጂ፣ እህቴ» አለ ቀዶ ሐኪሙ። ቀልዱ ከድምፁ ወጥቷል። «አንጀቱ ደርቆብኛል።»

«ካበጠ ስፌቱ አይይዝም፣ ዶክተር። ግፊቱን ደም ሥር በሚያጠብብ መድኃኒት እይዘዋለሁ።»

«ባዶ ቱቦ ብትጨምቂው ምን ይወጣዋል?»

መድኃኒቱን ሰጠችው። ግፊቱ ወጣ፤ መልሶ ወረደ። እንደገና ሰጠችው። የዓይኑን ቆብ ተጫነች። ስስ ነው፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። እሷ ግን የተነፋ መሰላት፤ ጣቷን አንስታ እንደገና ተጫነችው።

ቀዶ ሐኪሙ እጁን አቁሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ይሄ አናጢው አይደለም» አላት፣ ቀስ ብሎ።

እዚያ ክፍል ውስጥ አናጢውን ማንም አንስቶባት አያውቅም ነበር። ነርሷ መሬት መሬት አየች።

ሰመመን ሰጪዋ ሁለቱንም የጉሉኮስ መስመሮች እስከ መጨረሻው ከፈተቻቸው። ግፊቱ ተስተካከለ። ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን አየች። ቆዳው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ደጋግማ አየችው።

ስፌቱ ያዘ። የግንበኛው ኩላሊት ግን መልሶ ሥራ አልጀመረም፤ ደሙን በማሽን ለማሳጠብ እዚያው ሆስፒታል ይመላለሳል።