ጉልበት በነፃ

ታላቅ ወንድሜ በዞኑ መሥሪያ ቤት የእቅድ ባለሙያ ነበር። የወረዳ በጀት የሚያወጣ ሰው የእናቱን ቤት ማሳደስ አያቅተውም ብለን አምነነው ነበር። ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ መብዛት የጀመረበት ጊዜ ነው፤ በአስፋልቱ ዳር ያሉት ቤቶች ተራ በተራ በሲሚንቶ ሲለሰኑ የእኛ ግድግዳ ጭቃ እንደሆነ ቀርቷል። የቤቱ ፊት ቢያረጅም ገና ይቆማል። የሚያሰጋው በጓሮ በኩል ያለው የእናቴ መኝታ ክፍል ነበር። ማገሩን ምስጥ ጨርሶት ግድግዳው ወደ ውጭ አብጧል፤ ክረምቱን እንደማይሻገር ሁላችንም እናውቃለን።

ወንድሜ አንድ እሁድ ሰብስቦን በጀቱን አነበበልን። ሲሚንቶ አለ፣ እንጨት አለ፣ ቀለም አለ፤ የሠራተኛ ዋጋ የለም። ዘመድና ጎረቤት በደቦ ስለሚመጣ ጉልበት በነፃ ነው አለን። ደቦው ምን ይበላል ብዬ ብጠይቀው እንደ ሕፃን አየኝ። መጠባበቂያስ ስለው ደግሞ "ኢንሻአላህ አይጎድልም" አለ። አላህን በመጠባበቂያ በጀትነት የያዘ ባለሙያ ያየሁት ያን ቀን ነው። ምክሬ የውሻ ደም ሆኖ ቀረ።

እኛ ዘንድ ደቦ ያለ ዱአ አይጀመርም፣ ዱአ ያለ ጫት አይሆንም፣ የመጣን ሰው ሽሮ አብልቶ መሸኘት ደግሞ ነውር ነው። ወንድሜ ይህን ጠፍቶት አይደለም፤ ሲያቅድ ግን የሌላ አገር ሰው ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ፍየል ታረደ። በማግስቱ የቢሮ ጓደኞቹ ስለሚመጡ በፍየል አልዋረድም ብሎ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ወይፈን አስነድቶ አመጣ። ግማሹ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት ሲቅም ውሎ፣ ጭቃ ሳይነካ መርቆን ሄደ። የሠሩትም የሠሩት በአስፋልቱ በኩል ያለውን ፊት ነው፤ መንገደኛ የሚያየው እሱን ነዋ። ጓሮው ይደርሳል ተባለ።

አልደረሰም። የጓሮው እንጨት መግዣ ተበልቶ አልቋል። ፊቱ ግን ተለስኖ አረንጓዴ ተቀባ፤ ወንድሜም መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን እያስቆመ ያሳይ ጀመር።

በሐምሌ የእናቴ ክፍል ተናደ። ደግነቱ እሷ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር። ወንድሜ ፍርስራሹን አየና "ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው" አለ። ለእሱ የተሳካው ሁሉ በእቅዱ ነው፣ የፈረሰው ሁሉ በቀደር። እናቴ ሳሎን ትተኛ ስለው፣ የቢሮ ሰው ስለሚመጣ ሳሎን አልጋ አይገባም አለ። ናቅሁት። ዛሬም እንቀዋለሁ፤ የእናቴ ልጅ ነው ብዬ አልሸፍንለትም።

እናቴን ከአስፋልቱ ማዶ ወደተከራየኋት አንዲት ክፍል ወሰድኳት። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ የገዛ ቤቷን ፊት ለፊት ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን አንጀቴን በላችኝና ወደ ክፍሌ እንድትገባ ለመንኳት።

"ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ተይኝ ልየው" አለችኝ። "ልጄ እንዴት አድርጎ አሳመረው፣ ማሻአላህ። መንገደኛው የማን ቤት ነው ሲለኝ የእኔ ነው እላለሁ።"

ዳግመኛ ሳታድርበት ሞተች።