የእንሰቱ ጥያቄ

የታሰርኩት እንሰት ስቆርጥ ነው።

ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጓሮ ውስጥ ተንበርክኬ፣ ቅጠሉ የጠወለገ እንሰት ሰንጥቄ ውስጡን እያየሁ ነበር። ከተቆረጠው ቦታ ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። እሱን በትንሽ ጠርሙስ ስቀበል ከኋላዬ የጫማ ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ለጣሊያን ያደሩ ወታደሮች ከበውኛል። አንዱ ቢላዋዬን በእግሩ ገፋ አደረገና፣

«ይሄ መርዝ ለማን ነው?» አለኝ።

«መርዝ አይደለም። የእንሰት በሽታ ነው።»

«በሽታ በጠርሙስ?»

ሳቁ። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ከዚያ የፊጥኝ አሰሩኝ።

ሶዶ ነው የተወለድኩት። አባቴ ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር። እኔን ግን ወታደር ሳይሆን ተማሪ አደረገኝና ግብፅ ድረስ ሄጄ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማርኩ። የመጀመሪያውን ዲግሪ ስጨርስ መምህሬ፣ «ለሁለተኛው ዲግሪ እንድቀበልህ የምርምር ሐሳብ ጽፈህ አምጣ፤ ምን እንደምትጠይቅ፣ ለምን እንደምትጠይቅ፣ መልሱን በምን መንገድ እንደምትፈልግ» ብሎ አሰናበተኝ። ምን እንደምጠይቅ ለመወሰን ብዙ አልተቸገርኩም። ወላይታ የሚኖረው በእንሰት ነው፣ እንሰቱ ደግሞ እየሞተ ነበር። በሽታው ከጓሮ ጓሮ በሰው ቢላዋ ይተላለፋል ብዬ ጠረጠርኩ። ይህንኑ ጽፌ ልጨርስ ስል ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ደብዳቤ የሚሄድበት አገር ጠፋ። እኔ ግን መጻፌን አልተውኩም። ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረም።

ወታደሮቹ ከቦርሳዬ ያወጡት ይህንን ወረቀት ነው። ጓሮዎቹን በሥዕል አስቀምጬ እያንዳንዱ ከገበያ መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ጽፌበት ነበር። ለሽፍታ የተሳለ ካርታ ነው አሉ።

ሶዶ ኮረብታው ላይ ጣሊያኖች በያዙት ግቢ፣ አንድ የቀድሞ እህል ጎተራ ውስጥ አስገቡኝ። መስኮት የለውም። ከግድግዳው ሳንቃዎች መካከል አንዱ ተሰንጥቆ ከዳሞታ ተራራ ቁራጭ ያሳያል። የነቀዘ በቆሎና የሽንት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንደኛው አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ ወታደር ነበሩ። ጥግ ይዘው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሌላው በጎኑ ተኝቷል።

«ጀርባውን እንዳትነካው» አሉኝ ሽማግሌው። «የሚሲዮን ሃይማኖት የያዘ ነው። የሚሲዮን ፈረንጆቹ ጥለውት ሲሄዱ ቤቱ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ያዙት። ገርፈውታል።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ሐዘኔታም ንቀትም ነበረበት። ሰውየው ያለበት በኩል ፈጽሞ አይጠጉም።

ሰውየው የቤሌ ገበሬ ነው። ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል፤ ግን ከሰሜን የመጣ ወታደር ልጅ መሆኔን ከአነጋገሬ ስላወቀ ሊነሣልኝ ሞከረ።

«ጌታው፣ አንተን ለምን አሰረ?»

«ጌታ አትበለኝ። የምርምር ሐሳብ ጽፌ ነው።»

ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም አስረዳሁት። እሱ አማርኛ ሲያጥረው በወላይትኛ፣ እኔ ወላይትኛ ሲያጥረኝ በአማርኛ እንነጋገራለን። ስለ እንሰት መሆኑን ሲሰማ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«እኔ ጓሮም ታሟል። ቅጠሉ እንዲህ፣» አለና የእጁን ጣቶች አጠፋቸው። «ሚስቴ ብቻውን ነው። ልጅ አለ። መድኃኒቱን አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«አንተ ወረቀት ላይ ምን ጻፍክ ታዲያ?»

«ጥያቄውን ነው የጻፍኩት። ገና ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄ ጠየቅህ ብሎ አሰረህ?»

ሽማግሌው ከነጠላቸው ውስጥ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ። ሰውየው ግን አልሳቀም።

«መልሱ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ከተሳካ ሁለት ዓመት።»

«ጓሮዬ ሁለት ዓመት አይቆይም» አለና ተመልሶ በጎኑ ተኛ። ግብፅ ሳለሁ ጥሩ ጥያቄ የመልስ እኩሌታ ነው ይሉን ነበር። ያንን ለእሱ ለመድገም አፌ አልታዘዘኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቼ በተርታ ተዘርግተዋል። ከጣሊያናዊው መኮንን አጠገብ መነጽር ያደረገ ሲቪል ተቀምጧል። የእርሻ ሊቅ ነው ተባልኩ። አስተርጓሚውን በእጁ ዝም አሰኝቶ፣ ሐሳቡን በጻፍኩበት በፈረንሳይኛ አናገረኝ።

«ይህንን ያረመልህ ማን ነው?»

«ማንም አላረመልኝም።»

«ጥያቄው ጥሩ ነው። ዘዴው ላይ ግን ደካማ ነህ። የታመመውን ጓሮ ከጤነኛው ጋር ካላነጻጸርክ ምን ታውቃለህ?»

«አነጻጽራለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ አለ።»

ገለጠ፣ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እውነትህን ነው» አለ። ከዚያ ስለ ቢላዋው ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አፈሩ። እኔም መለስኩ። ከግብፅ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እስረኛ መሆኔን ለትንሽ ጊዜ ረስቼ፣ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ሥዕሉን ሳስረዳው መኮንኑ እጄን በዱላ ጫፍ ከጠረጴዛው ላይ አወረደው።

የእርሻ ሊቁ በጣሊያንኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወደ እኔ አስጠጋ።

«ጥናቱን እኔ በስሜ እቀጥለዋለሁ። አንተ መንገድ መርተኸኛል ተብሎ ተጽፏል። ከፈረምክ ትፈታለህ።»

«ወረቀቴስ?»

«ወረቀቱ እዚህ ይቀራል።»

ይህንን ያለው በትሕትና ነው። ወረቀቴ ቀድሞውኑ በእጁ ነበር፤ የቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነው። እምቢ ብል ምን እንደማተርፍ አስቤ አጣሁ።

«ከእኔ ጋር የታሰረ ሰው ቁስሉ መርቅዞ ሊሞት ነው» አልኩት። «ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ እፈርማለሁ።»

ለመኮንኑ ነገረው። መኮንኑ ትከሻውን ሰበቀና አንድ ቃል ተናገረ።

«እሺ ብሏል» አለኝ ሊቁ።

ፈረምኩ።

ጎተራው ውስጥ ተመልሼ ለሰውየው ነገርኩት። «ሊወስዱህ ይመጣሉ። ኦቶና ሕክምና ቤት ያደርሱሃል።»

የሰውነቱ ትኩሳት አጠገቡ ላለ ሰው ይሰማል። «ምን ሰጠህ ለነሱ?» አለኝ።

«ወረቀቱን።»

«ጥያቄውን?»

«አዎ።»

«ሌላ ትጠይቃለህ» አለኝ።

ጠበቅን። ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሦስታችንም በሩን እናያለን፤ ኮቴው ያልፋል። ከቀትር በኋላ ትንፋሹ አጭር ሆነ። ሽማግሌው ሳይቀሩ ተነሥተው በሩን በጡጫ መቱት።

«ሰው እየሞተ ነው! ክርስቲያን የለም እንዴ እዚያ?»

«አልታዘዝንም» አለ ጠባቂው ከውጭ።

ለጠባቂው ስለ ፊርማዬ፣ ስለ መኮንኑ ቃል፣ ስለ ሊቁ ነገርኩት። «መነጽራሙ ሰውዬ ሄዷል» አለኝ። «ጠዋት በመኪና ወጣ።»

ከዚያ በኋላ የማደርገው ነገር አልነበረም። ነጠላዬን በጣሳው ውሃ አርጥቤ ከንፈሩ ላይ አደረግሁ። «ጦሳ፣ ጦሳ» እያለ አምላኩን በቋንቋው ሲጠራ ቆይቶ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዝም አለ።

ሊነጋጋ ሲል ሁለት ወታደሮች ገመድ ይዘው መጡ። በእግሩ አስረው ሊጎትቱት ነው። የሞተን እስረኛ የሚያወጡት እንደዚያ እንደሆነ ሽማግሌው ቀደም ብለው ነግረውኝ ነበር። ሬሳው ፊት ቆምኩ።

«አትጎትቱትም» አልኩ። አንዱ ሰደፉን አነሣብኝ።

ሽማግሌው ከጥጋቸው ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠጉት ያልፈለጉትን ሰውዬ እግሮቹን ያዙ።

«አንሣ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ በብብቱ ያዝኩት። እንደዚያ ከስቶ እያለ ከባድ ነበር። ግቢውን ስናቋርጥ ወታደሮቹ ይሳደባሉ፣ ያጣድፉናል። መኮንኑ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። አላስቀመጥነውም። በሩ ላይ ተቀበሉንና እኛን መለሱን። የት እንደቀበሩት አላውቅም።

ፈርሜም ቶሎ አልፈቱኝም። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ «ውጣ» አሉኝ። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቤሌ ሄጄ ሚስቱን ፈልጌ አገኘኋት። ደጇ ላይ እንደቆምኩ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። የአገሬው ሰው ከሰሜን ለመጣ ወታደር ልጅ ቶሎ አይቀርብም፤ እሷም እጇን አጣምራ ሰማችኝ። ስጨርስ በወላይትኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጎተቱት?»

«አልተጎተተም» አልኳት። «በእጃችን ተሸክመን ነው ያወጣነው።»

ወደ ቤት ገብታ በርጩማ ይዛ ወጣችና እንድቀመጥ አስቀመጠችልኝ።

ሁለተኛውን ዲግሪ አልያዝኩም። ሶዶ ውስጥ ሳይንስ ሳስተምር ሸመገልኩ። አሁን አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ ለምርምር የሚመጡ ልጆች የጻፉትን እንዳነብላቸው ይመጣሉ። አነብላቸዋለሁ፣ ዘዴው ላይ የጎደለውን አሳያቸዋለሁ። «እርስዎስ ለምን አልቀጠሉም?» ይሉኛል። ጦርነት መጣ እላቸዋለሁ፤ ይበቃቸዋል። ስለ ሰውየው ግን አልነግራቸውም። የሚጠይቁኝ ስለ እንሰት ነው።