ጎዶሎ ጀሪካን

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ስለ ጨዋነቱ ያወሩልኛል። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ጀሪካኑ ነው።

የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሰባት ወር ሲሆነኝ ፊቴና እግሬ አበጠ፤ ደም ግፊቴም ጨመረ። ሐኪሙ አምስት ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን ሰጠኝና፣ «ከነገ ጠዋት ጀምረሽ አንድ ሙሉ ቀን የምትሸኚውን እዚህ አጠራቅሚ፤ ጠብታ እንዳይቀር» አለኝ። በሽንቴ የሚወጣው ፕሮቲን ትንሽ ከሆነ ልጁ ይቆያል፤ ብዙ ከሆነ ጊዜው ሳይደርስ መውጣት አለበት።

ቀኑ ሲሞላ ባለቤቴ ክራቫቱን አሰረ፣ ጀሪካኑን በጋዜጣ ጠቀለለና ከምንኖርበት ከቁሓ በሚኒባስ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ሐኪሙ ጋዜጣውን ገለጠው። እስከ አፉ ሞልቷል።

«እህቴ፣ ምን ስትጠጪ ዋልሽ?»

«ሻይ ብቻ።»

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ እኔም ትንሽ አግዣታለሁ።»

«ምኑን ነው ያገዝካት?»

«ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ጎዶሎ ይዞ ሰው ፊት መቅረብ ደግሞ...»

እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው፤ ጀሪካኑን ሳይሞላ ከቧንቧ የሚመለስ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ ባለቤቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ያልተሟላ ነገር ለማንም አስረክቦ አያውቅም።

ከሐኪሙ ጋር የነበረችው ነርስ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ወይ ጉድ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ! አንተንም እናስተኛህ? ስንት ወርህ ነው?»

ሐኪሙ አልሳቀም። «አንድ ቀን አባከንን» አለ። የባለቤቴ ፊት ዐመድ መሰለ።

አስተኙኝና እንደ አዲስ ጀመርን። ነርሷ ሌላ ጀሪካን አምጥታ «የእናት ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈችበት። ባለቤቴ አጠገቡ ተቀምጦ ሲጠብቀው ዋለ። ለራሱ ጉዳይ ሲነሣ እንኳ የጎረቤት አልጋዋን አስታማሚ አደራ ብሎ ነበር የሚወጣው።

ፕሮቲኑ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በመጣበት ቀን ልጄን በቀዶ ጥገና አወጧት።

ወደ ክፍሌ ሲመልሱኝ ባለቤቴ ወንበር ላይ ነበር። ነርሷ ልጅቷ እንዲሞቃት ብላ ሸሚዙን አስከፍታ ደረቱ ላይ አስተኝታታለች። ክራቫቱን አላወለቀም፤ ወደ ጀርባው ጥሎታል። ከክንዱ የምታጥር ልጅ ይዞ እንደ ሐውልት ደርቋል።

«ደህና ናት?» አልኩት።

«ዝም በይ፣ እንዳላበላሽ» አለኝ በሹክሹክታ።

ትንፋሹን ይዞ ነበር።

«እሷ እየተነፈሰች ነው» አልኩት። «አንተም ተንፍስ።»